ቡችላን አስሮ ማሳደግ ይቅር

እዚህ ደብረ ብርሃን ቡችላ ሊወስድ የሚመጣ ሰው ገና ከበር ሳይገባ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ፦ «ይናከሳል?» እኔ የማሳድገው ሴንት በርናርድ የሚባል ትልቅ የውሻ ዝርያ ነው። ሲያድግ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል። እንዲህ ያለ ውሻ ሰው ከነከሰ ጉዳቱ በቀላሉ የሚሽር አይደለም። ስለዚህ መልሴ ሁሌም ያው ነው። የሚናከስ ከፈለጉ ከእኔ ቤት አያገኙም።

ሰዉ እንዲህ የሚለው ክፉ ሆኖ አይደለም። በእኛ አገር ውሻ ማለት ጠባቂ ነው፤ ጠባቂ እንዲሆን ደግሞ ከቡችላነቱ ጓሮ ይታሰራል፣ ሰው አያይም፣ ማታ ብቻ ይለቀቃል። «ሰው ከለመደ ይበላሻል» ይባላል። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ታስሮ ያደገ ውሻ ደፋር ሳይሆን ፈሪ ነው፤ የሚናከሰውም ስለሚፈራ ነው። የፈራ ውሻ ሌባውን ከጎረቤት ልጅ አይለይም። የረጋ ውሻ ግን የመጣውን ሰው ያያል፣ የጌታውን ሁኔታ ያያል፣ ካስፈለገ ይጮኻል። 70 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በሩ ላይ ተነሥቶ ከቆመ ሌባ የሚባል ሰው ወደ ግቢው አይጠጋም፤ መንከስም አያስፈልገውም።

ነገሩ የሚወሰነው ሰዎች ከሚያስቡት እጅግ ቀድሞ ነው። ቡችላ ዓይኑን የሚገልጠው በተወለደ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው፣ ጆሮው ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ይከፈታል። ከ3ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እስከ 12ኛው፣ ቢበዛ እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ያየው፣ ያሸተተውና የሰማው ነገር ሁሉ የቤቱ ሰው ይሆናል። ከዚያ ወዲያ አዲስ ነገር መጀመሪያ የሚጠረጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ባር ሃርበር ከምትባል የአሜሪካ ከተማ በወጣ ጥናት፣ እስከ 14ኛ ሳምንታቸው ከሰው ተለይተው ያደጉ ቡችሎች በኋላ ሰውን መቅረብ እጅግ ከብዷቸው ታይቷል። እኛ አገር ደግሞ ብዙ ቡችላ የሚታሰረው ልክ በዚህ ጊዜ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሥራ ሙቀት ነው። አዲስ የተወለደ ቡችላ የሰውነቱን ሙቀት ራሱ መጠበቅ አይችልም፤ የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ የሚያውቅ የአገሬ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ሰፊ ሳጥን፣ ደረቅ ገለባ፣ ከላዩ አሮጌ ባና፣ ነፋስ የማይገባበት ጥግ። ሌላው ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው፦ በሳጥኑ ውስጥ ዙሪያውን፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ራቅ፣ ከወለሉም አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ አጣና መምታት ያስፈልጋል። እናቲቱ ከባድ ናት። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ስትጋደም ከኋላዋ የቀረ ቡችላ ይጨፈለቃል፤ አጣናው ካለ ግን ከሥሩ ባለው ክፍተት ይተርፋል። እናትየዋ ራሷ የረጋች መሆን አለባት። ሰው ባየች ቁጥር የምትደነብር እናት ልጆቿንም ያንኑ ታስተምራቸዋለች፣ በደምም ታወርሳቸዋለች። እንዲህ ያለችውን ማስወለድ አያስፈልግም።

ከ3ኛው ሳምንት በኋላ ዓለምን ወደ ሳጥኑ ማምጣት ነው። በየቀኑ እግራቸውን እይዛለሁ፣ በጣቶቻቸው መሀል እነካለሁ፣ ጆሯቸውን እገልጣለሁ፣ አፋቸውን ከፍቼ አያለሁ። ነገ ሐኪም ሲያያቸው ብርቅ እንዳይሆንባቸው ነው። ምግብ ላይ እያሉ ራቅ ብዬ የድስት ክዳን አንኳኳለሁ፣ ቀን በቀን እየቀረብኩ። ግቢ ውስጥ አሮጌ ቆርቆሮ፣ የሚወዛወዝ ሳንቃ፣ ባዶ ጀሪካን አስቀምጣለሁ፤ ቡችላው ቆርቆሮውን ረግጦ ሲንኳኳ ይደነግጣል፣ ይሸሻል፣ ከዚያ ተመልሶ ራሱ ይረግጠዋል። ያቺ ተመልሶ መርገጥ ናት በራስ መተማመን የምትባለው። ስለዚህ ቡችላ ሲደነግጥ ጎትቼ አላቀርበውም፣ ወዲያው አንሥቼም አላቅፈውም። ጊዜ ነው የምሰጠው።

የእኛ ከተማ ደግሞ የራሷ ፈተና አላት። የጋሪ ጎማ ድምፅ፣ ባጃጅ፣ ፈረስ፣ የክረምት በረዶ በቆርቆሮ ጣራ ላይ። ከሁሉም የሚብሰው ግን ባና የተከናነበ፣ ፊቱ የማይታይ፣ ዱላ የያዘ ሰው ነው። ገጠሩም ከተማውም በዚህ የተሞላ ነው፤ ውሻ ደግሞ የሰው ቅርጽ ሲለወጥበት ይሸበራል። ጎረቤታችን ያሉ አንድ አዛውንት ይረዱኛል። «ጋሼ፣ ዝም ብለው ይቀመጡልኝ፣ ቡችላዋን አይጥሯት» እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ባናቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ድንጋዩ ላይ ይቀመጣሉ። አንዲት ቡችላ ነበረች፣ ከሁሉም ፈሪዋ። ዞረቻቸው፣ ራቀች፣ በሆዷ እየተሳበች መጣች፣ የዱላውን ጫፍ አሸተተች፣ ፈረጠጠች። ጋሼ አልተንቀሳቀሱም። ተመልሳ መጥታ የባናውን ዘርፍ በጥርሷ ይዛ ስትጎትት «ልጄ፣ ይቺማ ልብሴን ልትወስድ ነው!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ እሳቸው በበር ሲገቡ ቀድማ የምትሮጠው እሷ ሆነች።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እናገራለሁ። ቡችላው እግራችሁ ላይ ሲንጠለጠል ያምራል፣ አውቃለሁ። ግን በዓመቱ ያው ውሻ እንዲሁ ሲዘልባችሁ አሮጊት ይጥላል፣ ሕፃን ይጥላል። አራቱም እግሩ መሬት ላይ ሲሆን ብቻ ዳብሱት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ከደረጃና ከከፍታም አታዘልሉት፤ የትልቅ ዝርያ አጥንት እስከ ዓመት ተኩል ድረስ ጠንቶ አያልቅም። በዚሁ ምክንያት ቶሎ እንዲገዝፍ ብሎ ማወፈር፣ ካልሲየም እየገዙ መጨመር አጥንቱን ይጎዳል እንጂ አያጠነክርም።

ስለ ምግብ በአጭሩ። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ ስለዚህ ወጥ የነካው ፍርፋሪ አይሰጥም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። በበዓል በግ ሲታረድ ደግሞ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የወጣበትን ጉበትና ሳንባ ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። ያ ከረጢት የትል ነው። ውሻው ይበላዋል፣ ትሉ በሆዱ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ በጉም ወደ ሰውም ይመለሳል። በግ አንገቱን አጣሞ በአንድ ወገን እየዞረ የሚሞትበት በሽታም የሚመጣው እንደዚሁ ከውሻ ትል ነው፤ የዚህኛው ትል ከረጢት ያለው በበጉ ጭንቅላት ውስጥ ነው። እንደ መንዝ በበግ ለሚኖር አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከረጢት ያለበትን ሁሉ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት፣ ውሻውን ደግሞ የትል መድኃኒት አታስቀሩበት።

ክትባትም እንዲሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወር ይጀምራል፣ ከዚያ ሐኪሙ በሚላችሁ ጊዜ ይደገማል። ክትባቱ ሳያልቅ ቡችላውን የማታውቁት ውሻ በሚውልበት መሬት አትልቀቁት፤ አቅፋችሁት ውጡ፣ ወይም ሰዉን ወደ ግቢ ጥሩለት። ቀይ ቀበሮ በሚኖርበት በመንዝ ጓሳ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ አደራ። የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ ተላላፊ በሽታ ከእኛ ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ ይሻገራሉ፣ በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮም በጣም ጥቂት ነው።

ከሸዋ ሮቢት የመጡ አንድ ሰው ነበሩ፣ ደግ ሰው፣ ቡችላ ፈልገው። አልሰጠሁም። ይህ ዝርያ ስሙን ያገኘው በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር ካለ 2,469 ሜትር ከፍታ ካለው የተራራ መተላለፊያ ነው። ደብረ ብርሃን ከዚያም ከፍ ትላለች፣ ብርዱ ይመቸዋል። ጣርማ በርን ወርዶ ቆላ ሲገባ ግን በዚያ ሁሉ ፀጉር ሙቀቱ ይገድለዋል። ቅር ብሏቸው ሄዱ፣ ግን ለውሻው ማሰብ ነበረብኝ።

ከ8 ሳምንት በፊትም ለማንም አልሰጥም። ንክሻው የት ጋ ማቆም እንዳለበት የሚማረው ከወንድም እህቶቹ ነው። ቡችላ የወሰዳችሁም አንድ ነገር ጠብቁ፦ ከስድስት ወር በኋላ፣ አንዳንዴም ዓመት አልፎት፣ ትናንት የማይፈራውን ነገር በድንገት መፍራት ይጀምራል። ጋሪ አይቶ ይቆማል፣ በባልዲ ላይ ይጮኻል። አልተበላሸም፣ እድሜው ነው። አትምቱት፣ አትጎትቱት፤ ከሚፈራው ነገር ራቅ አድርጋችሁ እንደ ቡችላነቱ ቀስ ብላችሁ እንደገና አስለምዱት። ካስቸገራችሁም ደውሉልኝ፣ መጥቼ አብረን ይዘነው እንወጣለን።