«ሽሙዝ» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ቃልና የእኛው «ሰማ»

አሜሪካውያን ያለ ሥነ ሥርዓትና ያለ ችኮላ ሰብሰብ ብሎ መጨዋወትን ከሚጠሩባቸው የአፍ ቃላት አንዱ «ሽሙዝ» ነው። ከእኛው «ሽሙጥ» ጋር ድምፁ ቢቀራረብም አንዳች ዝምድና የለውም። ዝምድናው ከሌላ፣ በየቀኑ ከአፋችን ከማይጠፋ ቃል ጋር ነው፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ከይዲሽ ነው። ይዲሽ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዳውያን ቋንቋ ሲሆን፣ መሠረቱ ጀርመንኛ፣ የሚጻፍበት ፊደል ግን ዕብራይስጥ ነው፤ ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከትምህርት ቤት የወረሳቸው በርካታ የዕብራይስጥ ቃላትም አሉት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1880ዎቹ ጀምሮ በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ በሩን እስኪያጠብበው ድረስ ሁለት ሚሊዮን ገደማ አይሁዳውያን ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ ብዙዎቹም በኒው ዮርክ፣ በማንሃተን ደቡብ ምሥራቅ በኩል በተጨናነቁ ሕንፃዎች ውስጥ ተጠጋግተው ይኖሩ ነበር። ልብስ ሲሰፉና በየደረጃው ላይ ቆመው ሲያወጉ ይናገሩት የነበረው ቋንቋ ቀስ በቀስ ወደ ከተማው እንግሊዝኛ ሰረገ።

በይዲሽ ጨዋታ ወይም ወግ «ሽሙእስ» ይባላል። ይህም የመጣው ከዕብራይስጡ «ሽሙዖት» ሲሆን ፍቺው «የተሰሙ ነገሮች»፣ ማለትም ወሬዎች ነው፤ ነጠላው «ሽሙዓ»፣ ግሡም «ሻማዕ» ነው። ግእዝ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ወዲያው ነቃ ይላል። የዕብራይስጥ «ሸ» በብዙ ቃላት የግእዝን «ሰ» ይተካልና፤ «ሻሎም» ሰላም፣ «ሼም» ስም እንደሆነ ሁሉ «ሻማዕ»ም «ሰምዐ» ነው። አማርኛው በዐይኑ «ዐ» ይነገር የነበረውን የጉሮሮ ድምፅ ጥሎ «ሰማ» አለ፤ ይዲሽ ተናጋሪዎችም በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ሆነው ያንኑ ድምፅ ጣሉት።

የቃሉ መጨረሻ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያስደንቀኛል። «ሽሙዖት» በ«ኦት» የሚያልቀው ብዙ ቁጥር ስለሆነ ነው፤ ይህ «ኦት» በ«ቃላት» እና በ«ካህናት» መጨረሻ ላይ የምናገኘው የግእዝ «ኣት» ወንድም ነው። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዳውያን በእንዲህ ያለ ቦታ የምትገኘውን «ት» እንደ «ስ» ያነብቧት ስለነበር «ሽሙዖት» «ሽሙዖስ» ሆነ፤ ከዚያም አጥሮ «ሽሙእስ»፣ በአሜሪካ አፍ ደግሞ «ሽሙዝ» ተባለ። ስለዚህ አንድ የኒው ዮርክ ሰው «ሽሙዝ» ሲል የሚያሰማው የመጨረሻው «ዝ» በትውልዱ የ«ቃላት» «ት» ነው ማለት ነው። የቋንቋ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ሲያወጣ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻለኝም።

ይኸው «ሽሙዓ» በመጽሐፍ ቅዱስም አለ። በሰሞነ ሕማማት የምንሰማው የኢሳይያስ ምዕራፍ 53 «የሰማነውን ነገር ማን አምኖአል?» ብሎ ሲጀምር፣ በዕብራይስጡ «የሰማነው ነገር» የተባለው እርሱ ነው። እኔ በምኖርበት በየካ አባዶ፣ በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ሥሩ ከሁለት አቅጣጫ ይሰማል፤ ከቤተ ክርስቲያን «ስምዐነ»፣ ከመስጊድ ደግሞ ሰጋጆች ከጉንበሳቸው ቀና ሲሉ «ሰሚዐላሁ ሊመን ሐሚደህ» ይባላል፤ አላህ ያመሰገነውን ሰማ ማለት ነው። ስምዖንና እስማኤል የተባሉ ስሞችም ከዚሁ ናቸው። በ6 ኪሎ ሐውልት የቆመላቸው ሰማዕታት እንኳ ስማቸው ከዚሁ ግስ የወጣ ነው፤ ሰማዕት በግእዝ ምስክር፣ የሰማውን የሚናገር ነውና።

አማርኛ የ«ሽሙዖት»ን ሐሳብ የሚገልጽበት የራሱ አነጋገር አለው፤ «ስማ በለው»። ምንጩ የማይታወቅ፣ ከአፍ ወደ አፍ የመጣ ነገር ሁሉ «በስማ በለው የመጣ» ይባላል፤ አዋጅ ነጋሪውም «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይል ነበር። በኮንዶሚኒየማችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ይህን በዓይኔ አያለሁ። ከመሬት ቤት የሚኖሩት እናት አቦሉን እየቀዱ «እህስ፣ ምን ሰማችሁ?» ይላሉ እንጂ «ምን ትናገራላችሁ?» አይሉም። አንዷ ጎረቤት «ውኃ ማክሰኞ ትለቀቃለች አሉ» ትላለች፤ «ማን አለ?» ስትባል «እንጃ፣ ሰማሁ ነው የምልሽ» ብላ ትመልሳለች። ቶናው ሲደርስ ማክሰኞ ወደ ረቡዕ ተለውጧል፤ ጀሪካን የሌለው ጀሪካን ተበድሯል፤ የታመመ መኖሩ ታውቆ ማን እንደሚጠይቀው ተወስኗል። እንዲህ ያለውን ወግ ሥራ ፈትነት ነው የሚሉትን አልቀበላቸውም። በከተማ ጠርዝ ላይ፣ ከየሰፈሩ ተነሥተው በዕጣ ለተገናኙ ሰዎች፣ ጎረቤትነት የሚጀመረው አንዱ የሰማውን ለሌላው በማሰማት ነው፤ «ተስማማ» የምንለውም ቃል እኮ እርስ በርስ ከመሰማማት የወጣ ነው።

በአሜሪካ ግን ቃሉ ሌላ ጠባይ ጨምሯል። በይዲሽ በቀላሉ መጨዋወት የነበረው፣ በእንግሊዝኛ ሞቅ ባለ ጨዋታ ሰውን አግባብቶ ሥራ፣ ውለታ ወይም ትውውቅ ማግኘትንም ያመለክታል። በግብዣ ላይ ብርጭቆ ይዞ ከአንዱ ባለሥልጣን ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሰው «ይሽሙዛል» ሲባል፣ እየሰማ ነው ለማለት አይደለም፤ እያግባባ ነው ለማለት ነው። የቀድሞው ፍቺ ከነጭራሹ አልጠፋም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይኖራሉ። እኔ በበኩሌ የፊተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ሥሩ ጆሮን የያዘ ቃል የአፍ ብቻ ሲሆን ግማሹን ያጣ ይመስለኛል።

በሰፈራችን በኢንተርኔት ለውጭ ድርጅቶች የሚሠሩ ወጣቶች ቃሉን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ይጠይቁኛል። ከወዳጅ ጋር ስለነበረ ጨዋታ ሲያወሩ ቢጠቀሙበት ምንም አይደለም። ለአለቃ በሚጻፍ ደብዳቤ ውስጥ «ከደንበኞች ጋር ሽሙዝ አደረግሁ» ማለት ግን ለማግባባት ደፋ ቀና ማለትን ሊያስመስል ይችላልና፣ እዚያ ላይ «ተነጋገርሁ» የሚል ፍቺ ያለውን ተራውን የእንግሊዝኛ ቃል መጠቀሙ ይሻላል።