ከአምስቱ አንዱን ብቻ

ጠበቆቹ የሚፈልጉትን ሰነድ ማግኘታቸውን አልተጠራጠሩም። አንድ ትልቅ የድርጅት ክስ ለመከላከል 40,000 ሰነድ፣ በገጽ ወደ 350,000፣ ስቴርስ በተባለው የአይቢኤም የሙሉ ጽሑፍ መፈለጊያ ውስጥ ገብቷል። ለአንድ ጥያቄ ከሚያስፈልገው ቢያንስ 75 በመቶው መገኘት አለበት ብለዋል። ጠበቃው ጥያቄውን ይሰጣል፣ ረዳቱ ማሽኑ ላይ ይፈልጋል፤ ጠበቃው የወጣውን አንብቦ «ይበቃል» እስኪል ቃሉ እየተቀየረ ይደጋገማል።

ተመራማሪዎቹ ቢል ማሮንና ዴቪድ ብሌር ይህን ሥራ ፈትሸው ውጤቱን በ1985 እ.ኤ.አ. አወጡ። ማሮን በ1960 ኩንስ ከተባለ ተመራማሪ ጋር ሆኖ፣ ሰነዶችን ለጠያቂው የመጥቀም ዕድላቸውን አስልቶ በደረጃ ማስቀመጥ እንደሚቻል ያሳየ ሰው ነው። ብልሃቱ ያለው አለካኩ ላይ ነው፦ ማሽኑ ካላወጣቸው ሰነዶች መካከል ተፈላጊው ይኖርባቸዋል ከተባሉ ክምሮች ናሙና ወስደው፣ ከየት እንደመጣ ሳይነግሩ ለዚያው ጠበቃ ሰጡት። ከወጣው ውስጥ 79 በመቶ ያህሉ ተፈላጊ ሆኖ ተገኘ። ከተፈላጊው ሁሉ የወጣው ግን 20 በመቶ ገደማ ነበር። በእጅ ያለው ክምር ጥሩ ስለሆነ የቀረውን ማን ያስባል?

ክሱ በአንድ አደጋ ዙሪያ ነው። ነቃፊዎቹ «አደጋ» ብለው ሲጽፉ፣ እጃቸው ያለበት ሰዎች «አሳዛኝ ሁኔታ» ወይም «ችግር» ይሉታል። አንዳንዱ ደብዳቤ ደግሞ «በቀደመው ደብዳቤዎ የተጠቀሰው ጉዳይ» ብሎ ያልፋል፤ ይህን በየትኛው ቃል ይይዙታል? የብረት ብዛት የተፈለገበትም ጥያቄ እንዲሁ ነው፤ ሰነዶቹ የሚቆጥሩት አግዳሚ ተሸካሚና ማገር እንጂ «ብረት»ን በስሙ አልነበረም። የፊደል ግድፈቱም የራሱን ወስዷል።

ውጤቱ ሲበዛ ረዳቱ ሁሉም ቃላት ያሉበት ሰነድ ብቻ እንዲወጣ «እና» ብሎ ሌላ ቃል ይጨምራል፤ ጉዳቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቃል ከተፈላጊዎቹ ሰነዶች በ70 በመቶው ውስጥ አለ እንበል። ቃላቱ አንዱ ከሌላው ጋር ካልተሳሰሩ፣ ሦስቱም አብረው የሚገኙት በ34 በመቶው ብቻ ነው (0.7 × 0.7 × 0.7)። ስለዚህ «እና» ከመጨመር በፊት ተመሳሳይ መጠሪያዎችን በ«ወይም» ማስፋት፣ ከተጣለውም ናሙና አውጥቶ ማንበብ ይሻላል።

ማስፋቱም ቀላል አይደለም። ማሮንና ብሌር «ትራፕ ኮሬክሽን» የተባለ ጉዳይ ሲከተሉ በሌላ ሰነድ «ዋየር ዋርፕ» ተብሎ አገኙት። ያንን ሲፈልጉ «ሻንት ኮሬክሽን ሲስተም»፣ ቀጥሎ «ሮማን ሰርክል ሜተድ» መጣ። ለዚህ ፍለጋ ብቻ ከ40 ሰዓት በላይ ማሽኑ ላይ ተቀምጠዋል።