አጎቴ ሐይቅ ዳር የበሉት ዓሣ

ለእኛ ለደብረ ብርሃን ልጆች ዓሣ የጾም ምግብ ነው። በነቢያት ጾም፣ ውርጩ የከተማችንን ወንዝ የበሬሳን ዳር ሣር ነጭ አድርጎት በሚያድርበት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ምግብ ቤቶቻችን የዓሣ ጉላሽና የዓሣ ጥብስ መኖሩን ጽፈው በራቸው ላይ ይለጥፋሉ፤ ገና ሲደርስ ወረቀቱ ይነሣል፣ ዓሣውም አብሮ ይረሳል። በዚህ ምክንያት እኔ ዓሣን በራሱ ጣዕም መዝኜው አላውቅም ነበር። የምመዝነው በዚያ ሰሞን ከማይበላው ሥጋ ጋር እያነጻጸርሁ ስለ ነበር ሁልጊዜ የጎደለ ነገር ሆኖ ይታየኝ ነበር። የሚደርሰንም ዓሣ በበረዶ ደርቆ ከሩቅ የመጣ፣ መንገድ ላይ ቀልጦ እንደገና የረጋ፣ ሽታው እንዳይታወቅ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት የተጫነበት ነው። አንድ ጊዜ ከተማችን ውስጥ ባለ አንድ ምግብ ቤት ያዘዝሁት ጥብስ ሹካ ሲነካው እንደ ራሰ ወረቀት ፈረሰ፤ አስተናጋጁ ግን ዛሬ የገባ መሆኑን ምሎ ነገረኝ። ልጁ አልዋሸም ይሆናል። ወደ ደብረ ብርሃን የገባው በእርግጥ ዛሬ ነው፤ ከውኃ የወጣው ግን መቼ እንደ ሆነ እሱም እኔም አናውቅም።

ይህን አስተሳሰቤን የለወጠው ባለፈው ዓመት በበዓለ ሃምሳ ያደረግነው ጉዞ ነው። የአክስቴ ልጅ ሐዋሳ ላይ ሠርግ ነበረውና ዕድሜያቸው 70 ያለፈውን አጎቴን ይዤ ሄድሁ። አጎቴ የመንዝ ሰው ናቸው፤ በግ አርደው፣ በግ ሽጠው፣ የበግ ቆዳ ለብሰው ያደጉ ናቸው። ዓሣ ቀምሰው አያውቁም ነበር፤ በጾም ዓሣ መብላትን አይወዱም፣ በፍስክ ደግሞ ሥጋ እያለ ዓሣን የሚያስብ ሰው በአገራቸው የለም። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ወደ 1,700 ሜትር ያህል ስንወርድ አጎቴ መጀመሪያ ጋቢያቸውን፣ ቀጥሎ ኮታቸውን፣ በመጨረሻም ሹራባቸውን አወለቁ።

በሠርጉ ማግስት ከማለዳው 1 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ደረስን። ጀልባዎቹ ሌሊት የተጣለውን መረብ ሰብስበው እየገቡ ነበር። በየዳሩ አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ ራሳቸው የተመለጠና አንገታቸው ላይ ከረጢት ያንጠለጠሉ ረጃጅም ወፎች፣ እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ቆመው የሚጣለውን ይጠብቃሉ። ወጣቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ዓሣ ያጸዳሉ። አጎቴ ከአንዱ ልጅ ፊት ቆመው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ልጁ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በግራ እጁ ይዞ ከጭራው ወደ ራሱ በቢላው ፋቀው፤ ቅርፊቱ እንደ ብር ሳንቲም እየተበተነ ክንዱ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ቢላውን ከስንጥቡ፣ ከመተንፈሻው ሥር አስገብቶ በአከርካሪው ላይ አንሸራተተና አንድ ጎኑን በአንድ እንቅስቃሴ አነሣው፤ ገለበጠውና ሌላውን ጎን አነሣ፤ ቆዳውን ገፈፈ። እጄ ላይ የነበረውን ሰዓት አላየሁም እንጂ ነገሩ ሁሉ አንድ ደቂቃ የፈጀ አይመስለኝም። በጣውላው ላይ ከቀሩት ሁለት ሥጋዎች አንዱ፣ ከአጥንት ተለይቶ ሳለ፣ ጠርዙ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየነው።

አጎቴ ጎንበስ ብለው የተፋቀውን ቅርፊት በአውራ ጣታቸው አሹት። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ በውኃ ከሚኖሩት ክንፍና ቅርፊት ያለው እንደሚበላ ተጽፏልና እርሱን ማረጋገጣቸው ነበር። አጠገቡ የተጋደመውን፣ ቅርፊት የሌለውንና ጢማም የሆነውን አምባዛ በዓይናቸው ብቻ አለፉት። ስለ ዓሣ ብዙ የምናወራ ሰዎች ይህን ልዩነት እንዘነጋዋለን፤ እኔ ግን እንግዳ የምንጋብዝ ከሆነ ሳህኑ ላይ ያለው ቆሮሶ ይሁን አምባዛ አስቀድሞ መንገር ጨዋነት ነው እላለሁ።

ልጁ የሚንቀጠቀጠውን ሥጋ በጣት በጣት ቆራርጦ፣ ከዳጣ፣ ከሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ እና ከግማሽ ሎሚ ጋር አቀረበልን። ሐዋሳ ላይ ዓሣ ጥሬውን መብላት የተለመደ ነው። ያን ጊዜ አጎቴ ያሉትን እስካሁን አስታውሰዋለሁ፦ «አየህ ልጄ፣ ይህማ ቁርጥ ነው!» ለካስ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም ነበር። እኛ ሸዋዎች የትኩስነትን ነገር ከማንም በላይ እናውቃለን። ትናንት የታረደን በሬ ጥሬውን ቁረጥልኝ የሚል ሰው በአገራችን የለም፤ ሥጋው ሳይበርድ፣ ገና ሲርገበገብ እንደርስበታለን እንጂ። ያንኑ ሚዛን ለዓሣ አውጥተን አናውቅም፤ በሬው ከእኛው ደጅ ሲታረድ ዓሣው ከሌላ አገር ስለሚመጣ ይመስለኛል።

ፈረንሳይ አገር የምትኖር አንዲት ዘመዳችን ካንካል በምትባል የብሪታኒ ወደብ ያየችውን አንድ ጊዜ በስልክ ነግራኝ ነበርና እዚያው ለአጎቴ አወጋኋቸው። ኦይስተር የሚባል፣ በሁለት ሻካራ ዛጎል መካከል የሚኖር የባሕር እንስሳ አለ። በወደቡ ዳር በተደረደሩ ድንኳኖች ሻጮቹ በአጭር ቢላ ዛጎሉን ከፍተው ከሎሚ ጋር ይሰጣሉ፤ ገዢው በግንቡ ላይ ተቀምጦ ባሕሩን እያየ ይውጠውና ዛጎሉን ወደ ዳርቻው ይወረውራል። በየመጠኑ ቁጥር ተሰጥቶት ይሸጣል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኦይስተሩ ትልቅ ነው። ዋናው ነገር ግን ሲከፈት ሕያው መሆኑ ነው። አፉን ከፍቶ የተገኘ ዛጎል መታ ሲደረግ ካልተከደነ ሞቷልና ይጣላል፤ የሞተውን የበላ ሰው ክፉኛ ሊታመም ይችላል። አጎቴ በጥሞና ሰምተው ክንፍና ቅርፊት እንዳለው ጠየቁኝ። የለውም አልኋቸው። «እንግዲያውስ ለባለ አገሮቹ ይባርክላቸው» አሉና ሎሚውን ዓሣቸው ላይ ጨመቁት።

ጥሬውን ሁለት ቁራጭ ቀምሰው አቆሙ። እኔም ከዚያ ወዲህ ጥሬ ዓሣ ትቻለሁ፤ የሐይቅ ዓሣ በዓይን የማይታይ የትል እጭ ሊኖረው እንደሚችል አውቃለሁና ማንንም በዚያ አላበረታታም። ጥብሱ ግን ሌላ ነገር ነው። ጎንና ጎኑ በቢላ የተተለተለ ሙሉ ቆሮሶ በሰፊ መጥበሻ በፈላ ዘይት ውስጥ ገብቶ፣ ጭራው እስኪሰባበር ድረስ ደርቆ፣ ውስጡ ግን ነጭና እርጥብ ሆኖ ወጣ። ጠረጴዛው ያልተላገ ጣውላ፣ መቀመጫው አግዳሚ፣ ሳህኑ የብረት ትሪ ነበር። አጎቴ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ሥጋውን ከአጥንቱ በጣታቸው እያላቀቁ፣ ከዳቦና ከዳጣ ጋር አንዱን ዓሣ ብቻቸውን ጨረሱት። ምን ዓይነት ጣዕም እንዳለው ስጠይቃቸው «ውኃ ውኃ የማይል፣ ዓሣ ዓሣ የማይሸት» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ መግለጫ እስካሁን አላገኘሁም። ትኩስ ዓሣ አይሸትም፤ ዓሣ ዓሣ የሚሸተው የቆየው ነው።

አሁን ገበያ ስገባ ዓሣውን አገላብጬ አያለሁ። ዓይኑ ጥርት ብሎ ወጣ ያለ፣ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ፣ ቅርፊቱ ከቆዳው የተጣበቀ ሊሆን ይገባል፤ በጣት ሲጫኑት ሥጋው ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ዓይኑ ጎድጉዶና ደፍርሶ ካየሁ፣ ሻጩ ምንም ቢለኝ አልገዛም። ራሱ ተቆርጦ፣ ቆዳው ተገፎ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ዓሣ ከእነዚህ ምልክቶች አብዛኛውን አያሳይም፤ ወደ እኛ ከተማ የሚመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚህ ሆኖ ነው።

ከሐዋሳ ስንመለስ አጎቴን ያሳሰባቸው ግን የራሳችን አገር ውኃ ነበር። የበሬሳ ውኃ ሳይቀር ወርዶ ወርዶ ጀማ ይገባል፤ ጀማም ዓባይን ይቀላቀላል። ከሙከጡሪ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ከለሚ በኋላ ወደ ጀማ ገደል ሲወርድ ሙቀቱ እንደ ቆላ ይመታል። ባለፈው ጥር ድልድዩ አካባቢ አንድ ልጅ ሦስት ዓሣ በስንጥባቸው በኩል በልጥ ሰክቶ ይዞ አገኘሁት። ቢልጫዎች ነበሩ፤ ስንጥባቸው ገና ቀይ ነበር። ሁለቱን ገዝቼ አንዲት ሻይ የምትሸጥ እናት ጠበሱልኝ። ቢልጫ አጥንቱ ቀጫጭንና ብዙ ነው፤ ቸኩሎ የሚበላ ሰው ጉሮሮው ይወጋል። ሥጋው ግን ጠንካራና ጣፋጭ ነበር፤ ደብረ ብርሃን ላይ ከበላሁት ዓሣ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ይህን ለአጎቴ በነገርኋቸው ቀን ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ቅርፊት እንዳለው ጠየቁኝ። ትልልቅ ቅርፊት አለው አልኋቸው። ያን ጊዜ ክረምቱ ገብቶ ጀማ እንደ ቡና ደፍርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በደወሉልኝ ቁጥር ስለ ቤተሰቡ ጤና ጠይቀው ሲያበቁ ውኃው መጥራት አለመጥራቱን ይጠይቁኛል። እኔም ከዓለም ከተማ የሚመጡትን ሹፌሮች እየጠየቅሁ ነው። ጥቅምት ሲገባ፣ ረቡዕና ዓርብ ያልሆነ ቀን መርጠን፣ ዳቦውንና ሎሚውን ከዚህ ይዘን እንወርዳለን።