ማሲንቆውን የማይውጥ ቴፕ ፍለጋ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ስቴሪዮ ፍለጋዬ የት ደረሰ ላላችሁኝ፣ ተገዝቷል። ግን ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ያየሁትም ይጠቅማል ብዬ ሁሉንም ልንገራችሁ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የያዝኩት 15 ሺህ ብር ነበር። የፈለግኩት ሰፈር የሚያናውጥ ስፒከር አይደለም፤ ማታ ቁጭ ብዬ የአዝማሪውን ቃል ከነማሲንቆው አጥርቼ የምሰማበት፣ ለአንድ ክፍል የሚበቃ ትንሽ ቴፕ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዋት። ሱቅ ስትገቡ ካርቶኑ ላይ 5000 ዋት ፒኤምፒኦ (ለቅጽበት ብቻ ይደርስበታል የሚባል የማስታወቂያ ቁጥር) የሚል በትልቁ ተጽፎ ታያላችሁ። ተዉትና ዕቃውን አዙሩት። የመብራት ገመዱ የሚገባበት አካባቢ አንዲት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። አንዱን አዙሬ ሳነብ የሚስበው 45 ዋት ነው ይላል። ከሶኬት 45 ዋት የሚወስድ ዕቃ ሳያቋርጥ ከዚያ በላይ ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ስለዚህ አርኤምኤስ (ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል) የሚለውን ቁጥር ብቻ እመኑ። ለመካከለኛ ሳሎን በየስፒከሩ 15 ወይም 20 ዋት አርኤምኤስ ከበቂ በላይ ነው። ዋቱን እጥፍ ብታደርጉት እንኳ የምታገኙት ጭማሪ በድምፅ መለኪያው 3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ «ትንሽ ከፍ አለ» ከሚለው አይዘልም።

እዚያችው ወረቀት ላይ ቮልቱንም እዩ። የእኛ መብራት 220 ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ 100፣ ለአሜሪካ የተሠራ 120 ቮልት ነው የሚፈልገው፤ ያለ ትራንስፎርመር የሰካችሁት ቀን አለቀለት። ዩዝድ ዕቃ ሲረክስ መጀመሪያ የማጣራው ይሄንን ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ሻጭ የሚከፍትላችሁ ዘፈን ሁልጊዜ ቤዙ ደረት የሚመታውን ነው። አንዱ ልጅ «ወንድሜ፣ ይሄን ቤዝ ስማው እስቲ!» አለኝ። የራሴን ፍላሽ ሰጠሁትና ቤዝ መጨመሪያውን አጥፋልኝ፣ ኢኳላይዘሩንም (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ የሚያመጣጥነውን) መሐል ላይ አድርግልኝ አልኩት። ፍላሹ ላይ በደንብ የማውቃቸው ቅጂዎች አሉ፦ አንድ አዝማሪ ከማሲንቆ ጋር፣ አንድ በገና፣ አንድ ዋሽንት። ቤዙ ሲጠፋ ያ ሁሉ ግርማ ጠፍቶ ዘፋኙ ከጓዳ የሚጣራ መሰለ። ብዙዎቹ ርካሽ ስፒከሮች ቤዙንና ቀጭኑን ድምፅ አጉልተው መሐሉን ይተዉታል። የሰው ድምፅና ማሲንቆ ደግሞ ያሉት መሐሉ ላይ ነው። የጎጃም ሰው ይሄ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ይገባዋል። አዝማሪው ሰምና ወርቅ ሲጫወት አንዲት ፊደል ካመለጠችህ ወርቁን ከየት ታመጣዋለህ? በገናም እንዲሁ ነው፤ ከአውታሩ ሥር ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ የሚመጣው ንዝረት ካልተሰማ በገና አይደለም።

በየሱቁ ስዞር ያ ፈተና ብዙውን ጣለልኝ። በመጨረሻ ዝውውር የደረሰው አንድ መምህር የሚሸጠውን አገኘሁ። ዩዝድ ሚኒ ሃይፋይ ነው፤ ዋናው ማጫወቻ ለብቻው፣ ሁለቱ ስፒከሮች ለየብቻ፣ ሳጥናቸው እንጨት። ሲዲ፣ ካሴትና ኦክስ (ስልክ በገመድ የሚገናኝበት ቀዳዳ) አለው፣ ብሉቱዝ የለውም። በዚህ ብር አዲስና ብልጭ ድርግም የሚል መግዛት ይቻል ነበር፤ እኔ ግን ለዓይን የሚከፈል ብር የለኝም።

ዩዝድ ስትገዙ ይሄን አድርጉ። የስፒከሩን ጨርቅ አንሱና የወፈሩን (ቤዝ የሚያወጣውን ትልቁን ስፒከር) ዳር እዩ። ዳሩ ስፖንጅ ከሆነ ዕድሜ ይበላዋል፣ በጣት ስትነኩት ይፈረፈራል። ጎማ ከሆነ ይቆያል። ከዚያ ግራና ቀኝ በእኩል ጣታችሁን አሳርፉና ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። ሲመለስ የመፋቅ ድምፅ ከሰማችሁ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅልል ማግኔቱን እየነካ ነው፣ አትግዙት። ድምፅ መጨመሪያው ሲዞር ቢንኮሻኮሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው፤ በማጽጃ ስፕሬይ ይስተካከላል።

ቤት ከገባ በኋላ የለወጠው ነገር አቀማመጡ ነው፣ ያውም ያለ ወጪ። ጥግ ላይ ሲሆን ቤዙ እንደ ባዶ በርሜል ያጉረመርማል። ከግድግዳው ክንድ ያህል አራቅኩት፣ በብሎኬት ላይ አድርጌ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣውን ትንሿን ስፒከር ከጆሮዬ ቁመት ጋር አስተካከልኩ፣ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለውንና ከእኔ እስከ እያንዳንዳቸው ያለውን ርቀት በገመድ ለክቼ እኩል አደረግኩ። ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ ምንጣፍ አነጠፍኩ፤ ወዲያው የክፍሉ ማስተጋባት ቀነሰ። ገመዱን ስትቀጥሉ ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ። አንዱ ብቻ ከተገለበጠ ሁለቱ ስፒከሮች እርስ በርስ ይጣላሉ፤ ቤዙ ይሳሳል፣ ድምፁም የት እንደቆመ አይታወቅም። ልክ ሲሆን ዘፋኙ ምንም በሌለበት በመሐሉ ቆሞ ይዘፍናል። እኔ ይሄን ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ስልኬን በኦክስ ነው የማገናኘው። የስልኩን ድምፅ ወደ ጫፉ ጠጋ አድርጋችሁ ቀሪውን በቴፑ አስተካክሉ፣ ከዘፈኑ ጀርባ የሚሰማው ሽሽታ ይቀንሳል። ከቴሌግራም የመጣ ጥራቱ የወረደ ዘፈን ግን በየትኛውም ስፒከር አይድንም፤ ሲዲ ካገኛችሁ ሲዲውን አጫውቱ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ንቀሉት። ሲመለስ ቮልቱ ከፍ ብሎ ሊመጣ ስለሚችል እስኪረጋ ጠብቁ። ቮልቱን የሚያረጋጋ ስታቢላይዘር ቀጣዩ ግዢዬ ነው።

የቀረኝ ካሴቱ ነው። ጎማው ስለላላ ዘፈኑ እየተጎተተ ይሄዳል፣ የአባቴ ካሴቶች ደግሞ አንድ ሣጥን ሙሉ አሉ። ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም የካሴት ጎማ የሚቀይር ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።