መድኃኒቱ የቱን ፕሮቲን እንደያዘ በሙቀት መለየት

ሱሉልታም ሆነ ሰበታ ላለ አነስተኛ ላብራቶሪ የመድኃኒት ዒላማ (መድኃኒቱ የሚይዘው ፕሮቲን) ፍለጋ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው ስለሚለየው ማሽን፣ ስለ ማስ ስፔክትሮሜትር ነው። ሥራው የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ናሙናው እዚያ ማሽን ሳይደርስ ነው።

ፕሮቲን ሲሞቅ ቅርጹ ፈርሶ ይዘቅጣል። መድኃኒት የተጣበቀበት ብዙ ጊዜ የበለጠ ሙቀት ይችላል። ይህን ሴል ውስጥ የሚለካው ሴትሳ (CETSA) የተባለው ዘዴ በ2013 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ በ2014 ከማስ ስፔክትሮሜትሪ ጋር ተጣምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮቲኖችን ባንድ ጊዜ ማየት ተቻለ። የካንሰር መድኃኒቱ ቬሙራፌኒብ፣ ሄምን (የደም ቀይ ቀለም ብረት ያዘለውን ክፍል) የሚሠራውን ፌሮኬላቴዝ የተባለ ፕሮቲን እንደሚይዝ የታየው በዚሁ ነው። ማን ይጠረጥር ነበር?

ሴሎቹን ለሁለት ክፈሉ፤ አንዱ መድኃኒቱን፣ ሌላው ማሟሟያውን ዲኤምኤስኦ ብቻ በእኩል መጠን ይውሰድ። 37 ዲግሪ ላይ 1 ሰዓት አቆይታችሁ እጠቡ። በፒሲአር ቱቦ 100 ማይክሮሊትር እየለካችሁ ከ37 እስከ 67 ዲግሪ ባሉ 10 የተለያዩ ሙቀቶች፣ እያንዳንዱን ቱቦ በአንዱ ሙቀት ለ3 ደቂቃ አሙቁ። ቀጥሎ 3 ደቂቃ «በክፍል ሙቀት» ይባላል፤ የሐምሌ ጠዋት ሱሉልታ ላይ ክፍሉ 25 ዲግሪ ስለማይደርስ የፒሲአር ማሽኑን 25 ዲግሪ ላይ አድርጉት። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ቱቦዎቹ ስንት ደቂቃ በስንት ዲግሪ እንደቆዩ አይታወቅምና ዙሩን ከነጭራሹ ጣሉት።

ሴሉን በፈሳሽ ናይትሮጅን 3 ጊዜ እያቀዘቀዛችሁና እያቀለጣችሁ ሰባብሩ፤ የኮርማ ዘር የሚቀመጥበት ያው ናይትሮጅን ይበቃል። ጠንካራ ዲተርጀንት (እንደ ሳሙና ያለ ማሟሟያ) አትጨምሩ፣ የዘቀጠውን መልሶ ያሟሟና ልዩነቱን ያጠፋል። በሴንትሪፉጅ በ20,000 ጂ (የምድር ስበት 20,000 እጥፍ)፣ 4 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ አሽከርክሩና ሳይዘቅጥ የቀረውን ፕሮቲን የያዘውን ከላይ ያለ ፈሳሽ ብቻ ቅዱ። ፒፔቱ ዝቃጩን ከነካ ያ ናሙና አይታመንም።

ለዌስተርን ብሎት (አንድን ፕሮቲን በአንቲቦዲ ለይቶ ለሚያሳየው ምርመራ) ናሙናውን 95 ዲግሪ ላይ ስታፈሉ ክፍት የውሃ ድስት አይሆንም፤ በእኛ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ክዳኑ የተዘጋ ቱቦና ደረቅ ማሞቂያ ተጠቀሙ።

ናሙና ለማስ ስፔክትሮሜትሪ ወደ ውጭ ከመላካችሁ በፊት ሜቶትሬክሴት የተባለውን መድኃኒት፣ እንደሚይዘው በሚታወቀው ፕሮቲን በዲኤችኤፍአር አንቲቦዲ ፈትኑ። የታወቀው ጥንድ ካልታየ ያልታወቀው አይታይም።

መድኃኒቱን በወሰደውና ባልወሰደው መካከል ልዩነት ሲገኝ ያው ሙከራ በተሰባበረ ሴል ይደገም። በሁለቱም ከታየ መድኃኒቱ ፕሮቲኑን በቀጥታ ይዞታል ማለት ይቀላል። በሕያው ሴል ብቻ ከታየ ሴሉ ለመድኃኒቱ የሰጠው ምላሽ ሊሆን ይችላል፤ በተሰባበረው ብቻ ከታየ ደግሞ መድኃኒቱ ወደ ሴሉ መግባቱን መርምሩ። ምንም ልዩነት አለመታየቱ ግን አልያዘም ማለት አይደለም፤ ቢያዙም የሙቀት ጥንካሬያቸው የማይለወጥ ፕሮቲኖች አሉ።