ከላንዶቨር እስከ ፊላደልፊያ

ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። የዋሽንግተኑ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ ኮማንደርስ፣ የሚጫወትበት የላንዶቨር ስታዲየም መንገዱ ካልተዘጋጋ ከቤቴ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ግን ደርሼበት አላውቅም ነበር። ለእኔ ኳስ ማለት በእግር የሚመታው ነው። ይሄኛው ሰው ከሰው የሚላተምበት፣ በየደቂቃው የሚቆም ነገር ስለሆነብኝ ገና ሲጀምር ቻናል እቀይር ነበር።

ያስጀመሩኝ ጋሼ ናቸው። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። በፈረንጆቹ 1983 በሱዳን በኩል አድርገው ዋሽንግተን ገቡ፤ ዕድሜያቸውን በታክሲ ሥራ አሳለፉ። ቡድኑን የወደዱት በታክሲው ሬዲዮ ነው። እንግሊዝኛም የለመድኩት ከጨዋታ አስተላላፊዎቹ ነው ይላሉ። ጃንዋሪ 1992 ዋሽንግተን ቡፋሎን 37 ለ 24 አሸንፎ የዓመቱን ዋንጫ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ሲወስድ የገዙት ኮፍያ ዛሬም አላቸው። ወይን ጠጅ ቀለሙ ለቆ ቡናማ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ ስሙ ተቀየረ፣ ባለቤቱ ተቀየረ፣ ስታዲየሙም ተቀየረ። በ2023 ከ17 ጨዋታ ያሸነፈው 4 ብቻ ነው። ጋሼ ግን አንድም እሁድ አልቀሩበትም።

በ2024 አዲስ አሠልጣኝ መጣ፣ ዳን ክዊን። አዲስ ኳርተርባክም፣ ማለትም ኳሱን ተቀብሎ የሚያከፋፍለው፣ መጣ፣ ጄደን ዳንኤልስ፤ ገና ከኮሌጅ የወጣ ቀጭን ልጅ ነው። መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ ጋሼ ደረጃ ላይ አስቆሙኝና «ይሄን ልጅ ሳታየው እንዳትቀር» አሉኝ። ትኬቱንም ራሳቸው ቆረጡ።

ቀኑ እሁድ ኦክቶበር 27 ነበር። ከቅዳሴ መልስ ሬድ ላይን ያዝን። ሜትሮ ሴንተር ወርደን ብሉ ላይን ቀየርን። ባቡሩ በየፌርማታው ወይን ጠጅ ለባሽ እየጫነ ሄደ። ሞርጋን ቡልቫርድ ስንወርድ ጎዳናው የንግሥ በዓል መስሏል። ከጣቢያው እስከ ስታዲየሙ አንድ ማይል ያህል በእግር ነው። ጋሼ በከዘራቸው እየተመረኮዙ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ።

መኪና ማቆሚያው በጭስ ታፍኗል። ሰው የመኪናውን ኋላ ከፍቶ ሥጋ ይጠብሳል፤ የማያውቀውን ሰው ጠርቶ ያበላል። አንድ ግዙፍ ሰውዬ የጋሼን ኮፍያ አየና ሮጦ መጥቶ አቀፋቸው። «ይሄ የዘጠና ሁለቱ ነው!» አለ። የወረቀት ሳህን ላይ የጎድን ሥጋ ደርድሮ ሰጣቸው። ጋሼ ጽጌን ይጾማሉ። የእመቤታችን የስደቷ ጾም መሆኑን፣ ሥጋ እንደማይበሉ በትዕግሥት አስረዱት። ሰውዬው እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ፍሙ ዳር የተጠበሰ በቆሎ አንስቶ ሰጣቸው።

ጨዋታውን የተማርኩት በዚያ በቆሎ ነው። ጋሼ አራት ፍሬ ፈልቅቀው መዳፌ ላይ አስቀመጡ። «አራት ሙከራ አለህ። በአራቱ አሥር ያርድ ከሄድክ እንደገና አራት ይሰጡሃል። ካልሄድክ ኳሱን ታስረክባለህ። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው» አሉና አንዷን ፍሬ ቃሙ።

የዚያን ቀን ተጋጣሚ ቺካጎ ቤርስ ነበር። የቺካጎው ኳርተርባክ ኬሌብ ዊሊያምስ እዚሁ ዋሽንግተን ተምሮ ያደገ ልጅ ነው። በዚያ ዓመት ቡድኖቹ ከኮሌጅ የወጡ ልጆችን ሲመርጡ እሱ አንደኛ፣ የእኛው ዳንኤልስ ሁለተኛ ነበሩ። ዳንኤልስ ሳምንት ቀደም ብሎ ጎድኑን ተጎድቶ ስለነበር መሰለፉም አጠራጥሮ ነበር። ተሰለፈ። ግን ተችዳውን፣ ኳሱን ይዞ መጨረሻው መስመር መግባት፣ አልተገኘም። በእግር በሚመታው ብቻ ሦስት ሦስት እየለቀምን 12 ደረስን። ሊያልቅ 25 ሰከንድ ሲቀረው ቺካጎ 15 ለ 12 መራ።

ከፊታችን የነበረ ቤተሰብ ተነስቶ ወጣ። እኔም ባቡሩ ሳይጨናነቅ ብዬ ተነሳሁ። ጋሼ እጅጌዬን ያዙኝ። «ሰዓቱ ዜሮ ሳይል አይወጣም።»

ሁለት ሰከንድ ቀረ። ዳንኤልስ ኳሱን ተቀበለና ወደ ቀኝ ሮጠ። ተመለሰ። እንደገና ዞረ። ሰዓቱ አልቋል፤ ኳሱ ግን እጁ ላይ እስካለ ጨዋታው አይቆምም። ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረው። ኳሱ አየር ላይ በጣም ቆየ። የሰው ክምር ላይ ወረደ። አንድ የቺካጎ ተከላካይ ዘሎ በጣቱ ነካው፤ ኳሱም ነጥሮ ወደ ኋላ ሄደ። እዚያ ኖዋ ብራውን ብቻውን ቆሟል። ያዘው። 52 ያርድ፣ 18 ለ 15።

ድምፁን ልገልጸው አልችልም። ሲሚንቶው ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ከኋላዬ የነበረች የማላውቃት ሴት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች። ጋሼ አልጮሁም። ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

መመለሻ ላይ ባቡር ውስጥ ስሙን ነገሩኝ። እንዲህ ያለ የመጨረሻ ሰዓት ውርወራ «ሄይል ሜሪ» ይባላል፤ ካቶሊኮች ለእመቤታችን የሚደግሙት ጸሎት ስም ነው። በ1975 የዳላሱ ሮጀር ስታውባክ እንዲህ ወርውሮ ካሸነፈ በኋላ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ያንን ጸሎት ደገምኩ በማለቱ ስሙ ጸና። «የእኛው በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ማለት ነው» አሉ ጋሼ። «በጽጌ ደግሞ!» ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድም ጨዋታ አልዘለልኩም። 12 አሸንፈን 5 ተሸነፍን። በጥሎ ማለፉ ታምፓ ቤይን 23 ለ 20 ስንረታ የመጨረሻዋ ምት ቋሚውን ነክታ ነው የገባችው። ዲትሮይትን የገጠምነው ጃንዋሪ 18 ማታ፣ የከተራ ዕለት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ነጠላችንን እንዳጣፋን ጋሼ ቤት ገባን። ዲትሮይት በዚያ ዓመት 15 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ነው። 45 ለ 31 ጣልነው። ከዚያ ከ1992ቱ ድል ወዲህ ዋሽንግተን እዚህ ደርሶ አያውቅም፤ ለሱፐር ቦውል የቀረው አንድ ጨዋታ ነው።

ቀጣዩ ፊላደልፊያ ነበር፣ ጃንዋሪ 26። ትኬቱ የሚቀመስ አልነበረም። ጋሼ ግን «ከተማው ውስጥ ሆኜ ልየው» አሉ። በ95 አውራ ጎዳና ሁለት ሰዓት ተኩል ነድተን ምዕራብ ፊላደልፊያ ገባን፤ ባልቲሞር ጎዳና አካባቢ የሐበሻ ቤት አይጠፋም። ያገኘነው ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ለብሷል። ባለቤቷ ሳትቀር በሐበሻ ቀሚሷ ላይ አረንጓዴ ሻርፕ ጣል አድርጋለች። የጋሼን ኮፍያ ስታይ «አባቴ፣ እንግዳ ነዎትና ከፊት ይቀመጡ» ብላ ወንበር ሳበችላቸው። ጾም ስላልነበር ጥብስ አዘዝን።

የእኛ ልጆች 18 ጊዜ ተሰልፈው፣ ደቂቃውን በልተው፣ 3 ነጥብ ይዘው ተመለሱ። ፊላደልፊያ ገና ኳሱን እንዳገኘ በመጀመሪያው ሩጫ ሴኳን ባርክሊ 60 ያርድ ሮጦ ገባ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ከዚያ ኳሱ ከእጃችን እየወደቀ አስቸገረን። ግን አራተኛው ሩብ ላይ 34 ለ 23 ሆኖ ሳለ አንድ ነገር ተፈጠረ። ፊላደልፊያ ሊገባ አንድ ክንድ ቀርቶታል። እንዲህ ሲሆን ኳርተርባካቸውን ከኋላ ገፍተው ያስገቡት ነበር፤ የሚመክታቸው እምብዛም አልነበረም። የእኛው ፍራንኪ ሉቩ ኳሱ ሳይነሳ በሰው ግንብ ላይ ተወረወረ። ተቀጣ። ደግሞ ተወረወረ። ዳኛው እንዲህ ከቀጠለ ነጥቡን በቀጥታ እሰጣቸዋለሁ ብሎ አስጠነቀቀ። ከዚያ ገቡ። 55 ለ 23 አለቀ።

ባለቤቷ ቡናውን እስከ በረካ ሳንጠጣ አልለቀቀችንም። ሒሳብም አልተቀበለችንም።

ጋሼ ዴላዌርን እስክናልፍ ቃል አልተነፈሱም። ኮፍያው ጉልበታቸው ላይ ነው። የሰስኳሃና ወንዝ ድልድይ ላይ ስንደርስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ ልጅ ሁለት ጊዜ ነው የዘለለው?»

«አዎ ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ።»

«በ11 ነጥብ እየተመራ?»

«በ11።»

ኮፍያውን አንስተው በመዳፋቸው አራገፉና ጭንቅላታቸው ላይ ደፉ።

«ሬዲዮውን ክፈተው እስቲ። ስለሱ ምን እንደሚሉ እንስማ።»