ማይና በሰፈራችን

በምኖርባት የደቡብ እስራኤል ከተማ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት በቆመው የትራፊክ መብራት ዘንግ ጫፍ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ማይና የተባለ ወፍ አንድ ጥንድ ጎጆውን ሠርቷል። አንደኛው የፌስታል ቁራጭ በምንቃሩ አንጠልጥሎ ሲገባ፣ ሌላኛው ዘንጉ ላይ ቆሞ እየተንጫጫ ይጠብቃል። ራሱ ጥቁር፣ ገላው ቡናማ ነው፤ ምንቃሩ፣ እግሩና በዓይኑ ዙሪያ ያለው ላባ የሌለው ቆዳ ደማቅ ቢጫ ሲሆን፣ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ ምልክት ቦግ ይላል። መሬት ላይ ሲሆን እንደ ድንቢጥ ከመዝለል ይልቅ ደረቱን ነፍቶ ይራመዳል።

የማይና የትውልድ አገር ደቡብ እስያ ነው። እስራኤል ውስጥ በነጻነት ሲኖር መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. በቴል አቪቭ ያርኮን ፓርክ ሲሆን፣ በዚያው ከነበረ የወፎች ማሳያ ሥፍራ እንዳመለጠ ይታመናል። ከዚያ ወዲህ የባሕር ዳርቻውን ከተሞች አዳርሶ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ዘልቋል። አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ «እሱም እንደኛ ዓሊያ አድርጎ ነው» ብለው አሳቁኝ (ዓሊያ አይሁዶች ለመኖር ወደ እስራኤል መምጣታቸው ነው)፤ ማይና ግን ወዶ ሳይሆን በሽቦ ቤት ተዘግቶ፣ ለሰው መደሰቻ ሲባል የመጣ ነው። ሞሪሸስ የደረሰውም በ18ኛው ክፍለ ዘመን አንበጣ እንዲያጠፋ ታስቦ በሰው እጅ ነበር።

እኔ እንደማየው የሚስፋፋው በረሃውን አቋርጦ ሳይሆን የእኛን ግንባታ ተከትሎ ነው። አዲስ መንደር ሲቆረቆር ውኃ የሚጠጣ ሣር፣ ክዳን የሌለው የቆሻሻ ገንዳና ቀዳዳ የበዛበት ሕንፃ አብረው ይመጣሉ፤ ለማይና ደግሞ ከዚህ የበለጠ ምቹ ነገር የለም።

ጉዳቱ የሚጎላው ጎጆ ላይ ነው። ማይና ዛፍ መቦርቦር ስለማይችል የሌሎችን ቀዳዳ ይቀማል። በያርኮን ፓርክ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ግንደ ቆርቁር የሚፈለፍለው ቀዳዳ ለማይና ይጠበዋል፤ ነገር ግን እንደ እሱ ከውጭ የመጣው አረንጓዴ በቀቀን ቀዳዳውን ሲያሰፋው ማይና ገብቶ ይይዘዋል። አንዱ መጤ ለሌላው በር ከፋች መሆኑ ከሁሉም በላይ ያስገርመኛል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እጅግ ጎጂ ብሎ ከዘረዘራቸው 100 መጤ ዝርያዎች መካከል ሦስቱ ብቻ ወፎች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ አንዱ ማይና ነው።

ወፉን መጥላት ግን አይሆንልኝም፤ ድምፅ አስመስሎ ማውጣት የሚችል፣ ከትዳር ጓደኛው የማይለይ ብልህ ፍጥረት ነው። በእጄ ያለው ያየሁትን ቀንና ቦታ ኢበርድ በተባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ማስፈር፣ በጣሪያችን ሥር ያሉትን ቀዳዳዎችም እንቁላል ከመጣሉ በፊት በሽቦ ወንፊት መድፈን ነው። በዚህ ክረምት ከከተማው ወጣ ብለው ያሉትን የእርሻ መንደሮች ከብት በረት በረቱን እያየሁ ለመመዝገብ አስቤያለሁ።